የደመቀች ጨረቃ እና የግሸን ባቄላ

መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ምሽት፣ የግሸን ደብረ ከርቤ ማርያም በዓል ዋዜማ፣ ጨረቃ ልክ ግማሽ ነበረች። ከቅርብም ከሩቅም የመጣው ምዕመን መስቀለኛውን አምባ የወጣው ገሚሱን መንገድ በእሷ ብርሃን ነው። እኩለ ሌሊት ገደማ ስትጠልቅ የእጅ ባትሪና ጧፍ ተተኩ። ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ለመሰብሰብ አረፍ ባልኩበት ድንጋይ አጠገብ አንድ የአካባቢው አርሶ አደር ተቀምጠው ነበር። ጨዋታችን የጀመረው በበዓሉ ቢሆንም ብዙም ሳይቆይ ወደ ባቄላቸው ዞረ።

ካቻምና በጥቅምት ወር ባቄላቸው ዛላውን ሞልቶ ለማሸት ሲቃረብ በአንድ ሌሊት ጠቁሮ አደረ። ያን ሌሊት ጨረቃዋ በጣም ደምቃ ስለነበር ከደጃቸው ሆነው በረት ያሉትን ከብቶች መቁጠር ይችሉ እንደነበር ያስታውሳሉ። ከዚያ ወዲህ ጨረቃ የደመቀችበት የጥቅምት ሌሊት ያስፈራቸዋል። ባቄላውን የፈጀችው እሷ ናት ብለው ያምናሉ። ጉዳዩን ለአንድ የግብርና ባለሙያ ሲነግሩት አጉል እምነት ነው ብሎ ስቆ አለፈ። እሳቸውም በዚያው ባለሙያውን መጠየቅ አቆሙ።

ይህ ጸሐፊ ከግሸን ሲመለስ አብሮት የመጣው ጥያቄ ይኸው ነው። አርሶ አደሩ ያዩት ነገር ትክክል ነው። ደማቅ ጨረቃና ውርጭ አብረው ይመጣሉ። የተሳሳተው ምክንያቱ ላይ ነው። ባለሙያው ደግሞ ምክንያቱን ሲንቅ የታየውንም ነገር አብሮ ጣለው። በመካከል የጠፋው ለሚቀጥለው ሌሊት የሚሆን ማስጠንቀቂያ ነበር።

የሚያቀዘቅዘው የጠራው ሰማይ ነው

ምድር ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትመልሳለች። ደመና ካለ እንደ ጋቢ ሸፍኖ ሙቀቱን መልሶ ወደ መሬት ይልከዋል። ሰማዩ ከጠራና ነፋስ ከሌለ ግን ሙቀቱ ያለ ከልካይ ይወጣል፤ መሬቱም ቅጠሉም ይቀዘቅዛሉ። ክረምቱ በመስከረም ሲወጣ ደመናው ይነሳል፣ አየሩ ይደርቃል፣ ሌሊቱም ይረዝማል። ስለዚህ ደጋው ላይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ድረስ ውርጭ የሚፈራበት ወቅት ይሆናል።

ጨረቃ ደምቃ የምትታየውም ሰማዩ ሲጠራ ብቻ ነው። ደመና ባለበት ሌሊት ሙሉ ብትሆንም አናያትም፣ አትታወሰንም። ጨረቃ በሌለችበት የጠራ ሌሊትም ውርጭ ይወድቃል። በጨለማ ግን በደጅ ቆሞ ሰማዩን የሚያይ ሰው ጥቂት ነውና ጠዋት የጠቆረውን ባቄላ ከምንም ጋር አያያይዘውም። ልብ ላይ የሚቀረው ጨረቃዋ የተመሰከረችበት ሌሊት ነው።

ከጨረቃ የሚመጣው ብርሃን ራሱ ሙሉ በሆነችበት ሌሊት እንኳ ከፀሐይ ብርሃን 400 ሺህ ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። ይህ ብርሃን ቅጠል የሚያሞቅም የሚያቀዘቅዝም አቅም የለውም።

የግሸኑ አርሶ አደር በዚህ ብቻቸውን አይደሉም። የፈረንሳይ ገበሬዎችና አትክልተኞች ከፋሲካቸው በኋላ የምትወለደውን ጨረቃ “ቀይዋ ጨረቃ” ይሏት ነበር፤ ለጋውን ቡቃያ አቅልታ ታደርቃለች ብለው ስለሚያምኑ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የፈረንሳዩ የሥነ ፈለክ ሊቅ ፍራንሷ አራጎ ጉዳዩን ከመሳቅ ይልቅ መረመረው። ገበሬዎቹ ያዩት እውነት መሆኑን፣ ቅጠሉ በጠራ ሌሊት ከአየሩም በታች እንደሚቀዘቅዝ፣ ጨረቃዋ ግን ሰማዩ መጥራቱን የምትመሰክር እንጂ ጥፋተኛ አለመሆኗን አስረዳ።

ከአራጎ ማብራሪያ ውስጥ ለወረዳ ባለሙያዎች በተለይ የሚጠቅመው ቅጠሉ ከአየሩ በላይ ይቀዘቅዛል የሚለው ነው። የሙቀት መለኪያ የሚቀመጠው ከመሬት ሁለት ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው። መለኪያው ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲያሳይ ማሳው ላይ ያለው ቅጠል ከዜሮ በታች ወርዶ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ወደ ረባዳው ይወርዳል። አንድ ቀበሌ ውስጥ ተዳፋቱ ላይ ያለው ባቄላ ተርፎ ሸለቆው ውስጥ ያለው የሚጠቁረው ለዚህ ነው።

ስለዚህ በጥቅምትና በኅዳር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጨረቃዋ ጥርት ብላ ከታየች፣ ነፋስ ከሌለ፣ ቀኑም ብርዳማና ደረቅ ሆኖ ከዋለ፣ አርሶ አደሩ ቢፈሩ ትክክል ናቸው። መስኖ ያለው ሰው አስቀድሞ ማሳውን ቢያጠጣ እርጥብ አፈር ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ስለሚለቅ ጉዳቱ ሊቀንስ ይችላል። በብዙ ቦታ የሚደረገው ጭስ ማጨስ እንደሚታሰበው አይረዳም፤ ጭስ ሙቀት የማገድ አቅሙ ደካማ ነው። ዋናው መፍትሔ ከሌሊቱ በፊት ያለ ሥራ ነው። ረባዳውን ቦታ ለባቄላና ለአተር አለመስጠት፣ ፈጥኖ የሚደርስ ዝርያ መምረጥ፣ የደረሰውንም ለነገ ሳይሉ ማጨድ።

ሊቃውንቱ የቆጠሩት ጨረቃ

ጨረቃን መቁጠር በዚህ አገር የመጣው ከውጭ አይደለም ብል ብዙ አልሳሳትም። ሙሉ ቅጂው በግእዝ ብቻ የተረፈው መጽሐፈ ሄኖክ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ድረስ ስለ ፀሐይና ጨረቃ ጉዞ ይተርካል። የጨረቃ ብርሃን በየሌሊቱ በአሥራ አራት እጅ ተከፍሎ እንዴት እንደሚሞላና እንደሚጎድል ይዘረዝራል። ብርሃኗን የፀሐይ አንድ ሰባተኛ ያደርገዋል፤ እውነተኛውን ልዩነት ከላይ አይተነዋል። በምዕራፍ 80 ደግሞ በኃጢአተኞች ዘመን ጨረቃ ሥርዓቷን እንደምትለውጥና ዝናብም እንደሚታገድ ያስጠነቅቃል። ጨረቃና ዝናብ በአንድ ትንፋሽ ሲነሱ ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር ያልሆነው ከዚህም የተነሳ ይመስለኛል።

ከዚያ የሚቀጥለው ባሕረ ሐሳብ ነው። የጨረቃ ወር 29 ቀን ተኩል ገደማ ነው። አሥራ ሁለቱ ወራት ሲደመሩ 354 ቀን ይሆናሉ፤ ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያንሳሉ። ይህ የ11 ቀን ብልጫ የአበቅቴ መነሻ ነው። ለ2018 ዓ.ም. ስሌቱ ቀላል ነው። 5500 ላይ 2018 ሲደመር 7518 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18። ሁለቱ ሲደመሩ ሁልጊዜም 30 ናቸው። የቆሎ ተማሪ በቃሉ የሚያወጣውን ይህን ሒሳብ ብዙዎቻችን በወረቀትም አንሞክረውም።

አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። ይህ ስሌት የተሠራው ለአጽዋማትና ለበዓላት እንጂ ለዘር አይደለም። የ19 ዓመቱ ዑደት ከሰማዩ ጨረቃ ጋር በሦስት መቶ ዓመት ገደማ የአንድ ቀን ልዩነት ይፈጥራል። ዛሬ ልዩነቱ አራት አምስት ቀን ደርሷል። በ2018 ዓ.ም. በስሌቱ የጨረቃዋ 14ኛ ሌሊት፣ ማለትም ፍሥሕ የሚባለው፣ መጋቢት 28 ላይ ይውላል። ሰማይ ላይ ጨረቃ ሙሉ የምትሆነው ግን መጋቢት 24 ሊነጋጋ ሲል ነው። ለበዓሉ ሥርዓት ይህ ምንም አያጎድልም። በዚህ ቁጥር ተነስቶ ዘር የሚዘራ ሰው ካለ ግን ሰማይ ላይ ያለችውን ጨረቃ አይደለም የተከተለው።

ሦስተኛው መንገድ የኮከብ ቆጠራ ነው። ዓውደ ነገሥት የሚባለው መጽሐፍ የሰውን ስምና የእናቱን ስም ፊደላት ቆጥሮ፣ በ12 ገድፎ ኮከብ ይሰጣል። ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ አቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊ፣ ሑት። ስሞቹ ከዐረብኛ የመጡ ናቸው፤ ደብተራውም ሼኹም ለአንድ ኮከብ የሚቀራረብ ስም ይጠሩለታል። ኮከቦቹ እሳት፣ መሬት፣ ነፋስና ውኃ ተብለውም ይመደባሉ። ጨረቃ አሥራ ሁለቱን በ27 ቀን ከሩብ ገደማ ትዞራቸዋለች፤ በአንዱ ላይ ከሁለት ቀን ትንሽ አለፍ ትላለች። ከዚህ ነው ለመጀመር የሚበጀውና የማይበጀው ቀን የሚወጣው።

የጨረቃዋ ደረጃ ትርጉም ከአገር አገር ብዙ አይለያይም። ስትወለድና ስትሞላ የሚያድግ ነገር ይጀመራል። ዘር ይዘራል፣ ቤት ይመሠረታል፣ ሠርግ ይደገሳል። ስትጎድል የሚቀነስ ነገር ይሠራል። እንጨት ይቆረጣል፣ ወይፈን ይኮላሻል፣ አረም ይነቀላል። ሐሳቡ በመመሳሰል የቆመ ነው፤ የምትሞላ ጨረቃ የሚሞላ ጎተራ ታስታውሳለች።

ግሸን ላይ ቆሞ ይህን የሚያስብ ሰው አንድ ነገር ያስገርመዋል። ግማደ መስቀሉን ወደዚህ አምባ እንዳመጡ የሚነገርላቸው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት) በስማቸው በሚጠራው መጽሐፈ ብርሃን ጠንቋይንና ሟርተኛን አጥብቀው ያወግዛሉ። ከስድስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላም በዚያው አምባ ሥር የማረሻ ቀን የሚያስቆጥር ሰው አይጠፋም። የንጉሥ አዋጅ ያላቆመውን ነገር የአንድ ሰዓት የአርሶ አደር ሥልጠና ያቆመዋል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ለዘር ጊዜ ጨረቃ ትታመናለች?

በአምባሰልና በአጎራባች ደጋዎች በልግ ትልቅ ነገር ነው። ዝናቡ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ይጠበቃል። ገብሱ ወይም ምስሩ በወቅቱ ካልተዘራ መኸሩ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ይረዝማል። እንግዲህ አንድ አርሶ አደር በመጋቢት ወር ጨረቃ ስትወለድ እዘራለሁ ቢል ምን ይገጥመዋል? የሦስቱን ዓመታት ቀን እንቁጠር። በ2016 ዓ.ም. ጨረቃ የተወለደችው መጋቢት 1 ነበር። በ2017 መጋቢት 20። በ2018 መጋቢት 10 ላይ ትወለዳለች። በሦስት ዓመት ውስጥ ብቻ የዘሩ ቀን በ19 ቀን ወዲያና ወዲህ ይላል።

በልጉ ግን የሚመጣበት የራሱ ምክንያት አለው። ከሕንድ ውቅያኖስና ከሌሎች ባሕሮች የሚነሳ እርጥበት፣ የነፋስ አቅጣጫ፣ ሩቅ ያለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ሙቀት። በ2007 ዓ.ም. በልጉ በሰፊው ሲስተጓጎልና ክረምቱን ደግሞ ኤልኒኖ ሲያዛባው ጨረቃ እንደ ወትሮዋ በየ29 ቀን ተኩሉ ተወልዳ ሞልታ ጎድላለች። በ1977ቱ ድርቅም እንዲሁ። የወሎ ሰው ያንን ዘመን ሲያስታውስ የሚያነሳው ሰማዩ መጥራቱን ነው። ጨረቃዋማ በየወሩ መጥታለች።

ጨረቃ በዝናብ ላይ ምንም ተጽዕኖ የላትም ማለት ደግሞ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጨረቃ ስበት የምድርን አየር ልክ እንደ ባሕር ሞገድ ከፍና ዝቅ ሲያደርገው የዝናብ መጠን በትንሹ እንደሚለዋወጥ አሳይተዋል። ልዩነቱ አንድ በመቶ ገደማ ነው። ለመዝራትና ላለመዝራት የሚያበቃ አይደለም። ስለ ሰብልስ? እ.ኤ.አ. በ2020 የስፔን ተመራማሪዎች በጨረቃና በእርሻ ላይ የተጻፈውን በሰፊው ገምግመው የጨረቃ ደረጃ የዘርን ብቅለት ወይም የተክልን ዕድገት እንደሚወስን የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ የለም ብለዋል።

እንግዲህ ሁለት አርሶ አደር እናስብ። አንዱ አፈሩ እርጥበት ይዞ፣ ትንበያውም ደህና ሆኖ፣ ጨረቃዋም ተወልዳ ዘራ። ምንም አልጎደለበትም፤ ጨረቃዋን ቢያመሰግናት ማንንም አይጎዳም። ሌላው አፈሩ ርሶ ሳለ ጨረቃዋ እስክትወለድ አሥር ቀን ጠበቀ። በአሥር ቀን ውስጥ የበልግ እርጥበት ከአፈሩ ይወጣል። የእሱ ዘር ደረቅ አፈር ውስጥ ገባ። እምነቱ ዋጋ የሚያስከፍለው በሁለተኛው ላይ ብቻ ነው፤ ባለሙያው መከራከር ያለበትም እዚያ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ሰው በክርክር ማስቀየም ትርፉ ሁለተኛው እንዳይሰማ ማድረግ ነው።

የጾም ጨረቃ

የጨረቃ ቁጥር ለወረዳ ዕቅድ የሚጠቅምበት እውነተኛ ቦታ ሌላ ነው። ወሎ ላይ የሥራ ጉልበት የሚደራጀው በሁለት የጨረቃ አቆጣጠር ነው። ዐቢይ ጾም በባሕረ ሐሳብ ይወጣል። ረመዳን የሚገባው ጨረቃዋ ታይታ ነው፤ ሒጅራው ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ይቀድማል።

በ2018 ዓ.ም. ሁለቱ ጾሞች በአንድ ሳምንት ውስጥ ይገናኛሉ። ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 9 ነው። ረመዳን፣ ጨረቃዋ በምትታይበት ሌሊት መሠረት፣ የካቲት 11 ወይም 12 ይጀምራል። ይህ የበልግ ማሳ ዝግጅት የሚጀመርበት ወቅት ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጾም ላይ ሆኖ ያርሳል፤ የተፋሰስ ልማት ዘመቻውም በዚያው ሰሞን ይጠራል። ደቦና ወንፈል በረመዳን ከሰዓት በኋላ ሊጠራ አይችልም፤ በዐቢይ ጾምም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም አለ። የዘንድሮን ዕቅድ የሚያወጣ የወረዳ ኃላፊ ሥራውን ማለዳ ላይ ቢያደርገው፣ ግብዓቱንም ከየካቲት በፊት ቀበሌ ላይ ቢያደርሰው ከጨረቃዋ ጋር አይጋጭም።

በነገራችን ላይ ረመዳን በየዓመቱ ስለሚንሸራተት ከእሱ ጋር የተያያዘ የዝናብ ትዝታም አብሮ ይንሸራተታል። ረመዳን በገባ በሳምንቱ ዘነበ የሚል ትዝታ ከአሥር ዓመት በፊት ከሆነ ያ ረመዳን የዋለው በሰኔ ክረምት መግቢያ ነው። ዛሬ የሚውለው በየካቲት ነው። ትዝታው እውነት ሆኖ ለዛሬ አይሠራም።

ቀንዷ፣ ቀለበቷ፣ ቅላቷ

የአዲስ ጨረቃ ቀንድ ወደ ላይ ከሆነ ውኃ ይዛለች፣ ከዘነበለች ታፈሳለች የሚል ንባብ በብዙ አገር አለ፤ በየአገሩ ትርጉሙ ይገለበጣል፣ አንዱ ድርቅ ያለውን ሌላው ዝናብ ይለዋል። ነገሩ የሚወሰነው በወቅቱ ነው። በእኛ ሰማይ በመጋቢት ምሽት የምትታየው አዲስ ጨረቃ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ትተኛለች። በመስከረም ወደ ጎን ታዘነብላለች። ይህ በጥጋብም በድርቅም ዓመት በየዓመቱ የሚደጋገም ስለሆነ ክፉውን ዘመን ከደጉ አይለይም።

በጨረቃ ዙሪያ የሚታየው ሰፊ ቀለበት ግን የተወሰነ ቁም ነገር አለው። የሚሠራው በጣም ከፍ ብሎ ያለ ስስ የበረዶ ደመና ነው። በአንዳንድ አገር እንዲህ ያለው ደመና ከዝናብ ቀድሞ ይመጣል። በእኛ አገር ያን ያህል የታመነ ምልክት አይደለም። ቢያንስ ላይኛው አየር እርጥበት መያዙን ይነግራል፤ ሰብሉ አውድማ ላይ ተሰጥቶ ያለ ሰው ሸራውን ቢያቀርብ አይከፋም።

ቀይ ጨረቃስ? ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ደመና ያልሸፈነው የአገራችን ክፍል ሁሉ ጨረቃ ደም መስላ አይቷታል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ አራት ሰዓት ገደማ ምድር በጨረቃና በፀሐይ መካከል ገብታ ጥላዋን አጥልታባት ነበር። ቅላቱ በምድር አየር ዳር ዳር የሾለከው የፀሐይ ብርሃን ነው፤ ጀንበር ስትጠልቅ የምናየው ቅላት ማለት ነው። አያቴ ብትኖር ኖሮ እንኳን ጣቷን ወደዚያች ጨረቃ ልትቀስር ቀና ብላም አታያትም ነበር። ግርዶሽ ግን ከዓመታት በፊት በደቂቃ ተሰልቶ የሚታወቅ ስለሆነ ስለ መጪው መኸር የሚያመጣው ወሬ የለም።

ጨረቃዋ የምትረዳበት ሥራ

ከሁሉም በላይ ጨረቃ መብራት ናት። አጨዳው ሲደራረብ፣ የሠራተኛ እጥረት ሲኖር፣ ሙሉ ጨረቃ ያለችባቸው ሦስት አራት ሌሊቶች ለማጓጓዝና ለመከመር ይበጃሉ። ጥበቃ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ጣሊያን ውስጥ በጃርት ላይ የተደረገ ጥናት ጃርት በደማቅ ጨረቃ ሌሊት መውጣት እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ እንዳይታይ ይፈራል። ስለዚህ ጃርት የሚያጠቃው ማሳ ያለው ሰው ማማ ላይ ማደር ያለበት በተለይ በጨለማው ሰሞን ነው።

የተባይ አሰሳ ላይም ይህ ይሠራል። የሌሊት ራት ተባዮችን በብርሃን ወጥመድ የሚቆጥር ባለሙያ ሙሉ ጨረቃ ሰሞን የሚያገኘው ቁጥር ያንሳል። ተባዩ ስለጠፋ አይደለም፤ የወጥመዱ መብራት ከጨረቃዋ ጋር ተፎካክሮ ስለሚሸነፍ ነው። በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው የአሜሪካ መጤ ተምችም ሌሊት የሚበር ራት ነው። የሙሉ ጨረቃን ሳምንት ቁጥር ከጨለማው ሳምንት ጋር አወዳድሮ ተባዩ ቀነሰ የሚል ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ራሱን ያታልላል።

እንጨት በጨረቃ ከተቆረጠ ይነቅዛል የሚለው እምነት ግን ለእኔ እስካሁን አከራካሪ ነው። በስዊዘርላንድ በጨረቃ ደረጃ የተቆረጠ እንጨት ላይ ትንሽ የክብደትና የመድረቅ ልዩነት ታይቷል የሚሉ ጥናቶች አሉ። ነቀዝን የሚጠራው ዋነኛ ነገር ግን እንጨቱ ውስጥ ያለው ምግብና እርጥበት ነው። በበጋ ቆርጦ፣ ልጦ፣ በጥላ ያደረቀ ሰው የጎተራው ቋሚ ይበረክትለታል፤ ጨረቃዋ የትም ብትሆን።

ውርጩንና ዝናቡን በተመለከተ ግን የተሻለ ዓይን አለን። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የአሥር ቀን፣ የወርና የወቅት ትንበያ ያወጣል። ችግሩ ትንበያው ከወረዳ ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ወርዶ ማሳ ላይ ሲደርስ ጊዜው ማለፉ ነው። ቅዝቃዜው በተጠንቀቅ እንዲጠበቅ የሚናገር ወረቀት ሐሙስ ደርሶ ማክሰኞ ሌሊት የጠቆረ ባቄላን አያድንም። የግሸኑ አርሶ አደር ጨረቃዋን የሚያምኑት ሰዓቷን ስለማታሳልፍ ሳይሆን አይቀርም። ትንበያውን በሬዲዮና በስልክ መልእክት ምሽት ላይ፣ በዕድርና በመስጊድ ደጅ፣ ከበዓል ቅዳሴ መልስ ማድረስ ይቻላል። የቀበሌው ባለሙያ ደግሞ አርሶ አደሩ ቀድሞ ከሚያየው ምልክት ቢጀምር፣ ዛሬ ጨረቃዋ እንዴት ደምቃለች ብሎ ጨዋታውን ቢከፍት፣ ስለ ረባዳው ማሳ የሚናገረው ነገር ጆሮ ያገኛል።

እኝያን አርሶ አደር የተለየኋቸው ንጋት ላይ ነው። የዘንድሮው ባቄላቸው ዛላ ይዟል። ገሚሱ ተዳፋት ላይ፣ ገሚሱ ወንዙ ዳር ረባዳው ውስጥ ነው። የወንዙን ዳር ቀድመው ሊያጭዱት አስበዋል፤ ዛላው ከጠቆረ ጥሬው ባይጠነክርም ለእሸት ይሆናል ብለዋል። ቀኑን ለሚቆጥሩ አንባቢያን፣ ጨረቃ ጥቅምት 11፣ ኅዳር 11 እና ታኅሣሥ 11 ትወለዳለች፤ የጃርት ጥበቃው በእነዚህ ቀናት ዙሪያ ይጥበቅ። ሙሉ የምትሆነው ጥቅምት 26፣ ኅዳር 25 ለ26 አጥቢያ እና ታኅሣሥ 25 ነው። ውርጩ ከእነዚህ ሌሊቶች በፊትም በኋላም ሊወድቅ ይችላል፤ ሰማዩ ከጠራና ነፋሱ ከቆመ።